የነርስነት ፈቃድ ፈተና ምን ይመዝናል?
በአሜሪካው አዲስ ፈተና ላይ የቀረበ ሂስ

በአሜሪካ ተመራቂ ነርሶች የሥራ ፈቃድ ለማግኘት የሚቀመጡበት አገር አቀፍ ፈተና፣ በተለምዶ ኤንክሌክስ የሚባለው፣ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ መልኩን ለውጧል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፈተናው ለኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። ወደዚያ ለመሄድ ያሰቡም ሆኑ እዚያው የሚኖሩ በርካታ ነርሶች ከሥራ በኋላ ሌሊቱን የሚያጋምሱት በዚሁ ፈተና መለማመጃ መጻሕፍት ላይ ነው። ስለዚህ ፈተናው ምን እንደሚመዝንና ምን እንደሚያመልጠው መመርመር የሩቅ አገር ወሬ ማውራት አይሆንም።

ለለውጡ መነሻ የሆነው ሥጋት ተገቢ ነበር። ዶረቲ ዴል ቡዌኖ የተባሉት የነርሲንግ መምህርት በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከተመዘኑት ጀማሪ ነርሶች መካከል ከጀማሪ የሚጠበቀውን ያህል ክሊኒካዊ ውሳኔ ለመስጠት የቻሉት 35 በመቶው ብቻ እንደሆኑ አመልክተዋል። ቀድሞ የነበረው ፈተና ዕውቀትን በተናጠል ጥያቄዎች ይመዝን ነበር። ነርሷ የታማሚውን ሁኔታ ከሰዓት ወደ ሰዓት ተከታትላ ምን እንደምታደርግ ግን በአግባቡ አይጠይቅም ነበር። አዲሱ ፈተና ይህን ለማረም ሞክሯል። ለእያንዳንዱ ተፈታኝ ሦስት የታማሚ ታሪኮች ይቀርባሉ፤ እያንዳንዱም ታሪክ ስድስት ተከታታይ ጥያቄዎች አሉት። ተፈታኙ ፍንጮችን እንዲለይ፣ እንዲያገናዝብ፣ ከግምቶቹ የትኛው እንደሚቀድም እንዲወስን፣ መፍትሔ እንዲያመነጭ፣ እርምጃ እንዲወስድ፣ በመጨረሻም የእርምጃውን ውጤት እንዲገመግም ይጠየቃል። ቀድሞ ከአንድ በላይ መልስ ባለው ጥያቄ አንዱን የሳተ ሁሉንም እንደሳተ ይቆጠር ነበር፤ አሁን ላወቀው ያህል ነጥብ ያገኛል። ይህ ፍትሐዊ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከስድስቱ እርከኖች ከመጀመሪያው ነው። በፈተናው ማያ ገጽ ላይ ፍንጩ ተጽፎ ይቀርባል። የአንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ታማሚ በሁለተኛው ሌሊት የትንፋሽ ቁጥሩ በደቂቃ 28፣ የልብ ምቱ 118፣ ሽንቱ እየቀነሰ የመጣ፣ ቤተሰቦቹም «ዛሬስ አላረፈም» እንዳሉ ተዘርዝሮ ይሰጣል። ተፈታኟ ከእነዚህ መካከል አሳሳቢውን መርጣ ምልክት ታደርጋለች። በዋርድ ውስጥ ግን 28 የሚል ቁጥር ተጽፎ የሚጠብቅ የለም። አንድ ሰው ከአልጋው አጠገብ ቆሞ፣ ሰዓቱን ይዞ፣ የደረቱን ከፍና ዝቅ ማለት መቁጠር አለበት። በየትኛውም አገር በዋርድ የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከልኬቶች ሁሉ ሳይቆጠር የሚጻፈው ትንፋሽ ነው። የአንድ ክፍል ታማሚዎች ሁሉ በደቂቃ 20 ጊዜ ሲተነፍሱ የሚያሳይ ቻርት ያላየ ሐኪምም ሆነ ነርስ አይኖርም። «አላረፈም» የሚለውም ቃል ቢሆን የሚገኘው ቆም ብሎ ለሚሰማ ነው፤ ለሌሊት ተረኛዋ የቤተሰቡ ቃል ከሃያ ሌሎች ጥያቄዎች ጋር ተደባልቆ ይደርሳታል። እንግዲህ ፈተናው ፍንጭን መለየት ብሎ የሰየመው፣ በእውነቱ ሌላ ሰው ለቅሞ ካቀረበው ፍንጭ ውስጥ መምረጥ ነው። ሴፕሲስን ቀድሞ በማወቅና በማርፈድ መካከል ያለው ልዩነት ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ከምርጫው በፊት ባለው ለቀማ ነው።

ከአዲሱ ፈተና ጋር ተያይዞ ብዙ የተባለለት የማለፍ መጠንም ጠንቃቃ አንባቢን ይፈልጋል። በአሜሪካ ተምረው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተፈተኑት መካከል በ2022 ያለፉት 80 በመቶ ገደማ ነበሩ። በ2023 ይህ ቁጥር 89 በመቶ ገደማ ደረሰ፤ በ2024 ደግሞ ከ91 በመቶ በለጠ። ማለፊያው መስመር አልዝቅ አላለም። ታዲያ ተመራቂዎቹ በአንድ ዓመት ይህን ያህል ጎበዙን? በወረርሽኙ ወቅት ከዋርድ ርቀው በቤታቸው የተማሩት ተፈትነው ማለቃቸው አንድ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን በአዲሱ የጥያቄ ዓይነት አጥብቀው ማለማመዳቸውም ሌላው ነው። በብዙ ግዛቶች ተፈታኞቹ በአንደኛው ሙከራ የሚያልፉበት መጠን፣ ብዙውን ጊዜ ከ80 በመቶ፣ በታች የሆነ ትምህርት ቤት ፈቃዱ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ይህ ባለበት መምህሩ ከታማሚው ይልቅ ጥያቄውን ቢያስተምር ሊያስደንቅ አይገባም። የትኛው ምክንያት ምን ያህል እንዳመዘነ ከማለፍ መጠኑ ብቻ አይነበብም።

ፈቃድ ሰጪ አካላት ፈተናው ብቻውን እንደማይበቃ አይክዱም። መከላከያቸው ግልጽ ነው። ፈተናው አእምሮን ይመዝናል፤ ስለ እጅ፣ ስለ ዓይንና ስለ ጠባይ የሚመሰክረው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ፈቃዱ በሁለቱ ላይ ይቆማል። ክርክሩ አዲስ አይደለም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል የነርሶችን ምዝገባ አጥብቀው የተቃወሙት መልካም ነርስ በፈተና አትለይም ብለው ነበር። ኤቴል ቤድፎርድ ፌንዊክ በበኩላቸው ሕዝቡ የሠለጠነችውን ካልሠለጠነችው የሚለይበት መዝገብ ያስፈልገዋል ብለው ለሠላሳ ዓመታት ያህል ታገሉ፤ በ1919 ሕጉ ሲወጣ አሸነፉ፤ በመዝገቡም ላይ አንደኛ ተራ ቁጥር የያዙት ራሳቸው ሆኑ። ታሪክ ለፌንዊክ ፈረደ፤ በአግባቡም ፈረደ። የናይቲንጌል ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀረ።

ሁለተኛው ምሰሶ ምን ያህል እንደሚያስተማምን በጃንዋሪ 2023 ታየ። የአሜሪካ የፌዴራል ዐቃብያነ ሕግ ኦፐሬሽን ናይቲንጌል በተባለው ምርመራ 25 ሰዎችን ከሰሱ። በፍሎሪዳ የነበሩ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት ዲፕሎማዎችን ሸጠው ነበር። ከገዢዎቹ 2,400 ያህሉ የፈቃድ ፈተናውን አለፉ። ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ፤ መርማሪዎቹ በወቅቱ በእነዚህ ሰዎች የተጎዳ ታማሚ እንዳላገኙ ገልጸዋል፤ አንዳንዶቹም ቀድሞ በዝቅተኛ የነርስነት ሥራ ላይ የቆዩ ነበሩ። ያለፉትም አሮጌውን ፈተና ነው። ይሁን እንጂ አዲሱም በማያ ገጽ ላይ የሚሰጥ ፈተና በመሆኑ፣ ዋርድ ገብታ የተማረችውን ካልገባችው የሚለይበት አንዳች መሣሪያ አልጨመረም። ጉዳዩ ከታወቀ በኋላ የግዛቶቹ ቦርዶች ባለፈቃዶቹን የጠየቁት ስለ ፈተና ውጤታቸው አልነበረም፤ የክሊኒክ ልምምድ ማድረጋቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ፈቃዱ የሚሰጠው ሥልጣን ነው። በአሜሪካ ሐኪም ሙሉ ፈቃድ የሚያገኘው ከምረቃ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት በበላይ ሐኪሞች ሥር ከሠራ በኋላ ነው። ነርሷ ግን ፈተናውን ባለፈች ማግስት በሕግ ፊት ከሃያ ዓመት ባልደረባዋ ጋር እኩል ናት። ፓትሪሺያ ቤነር በ1984 ባሳተሙት ታዋቂ መጽሐፍ፣ አንዲት ነርስ በአንድ ዓይነት ክፍል ሁለትና ሦስት ዓመት ከሠራች በኋላ «ብቁ» ወደሚባለው ደረጃ እንደምትደርስ አስረድተዋል። ሙያው ይህን መጽሐፍ አርባ ዓመት ሲያስተምር ኖሯል፤ ሕጉ ግን አላነበበውም። ለጀማሪዎች የሚሰጠው የአንድ ዓመት የሽግግር ሥልጠና ከ2002 ጀምሮ በበርካታ ታላላቅ ሆስፒታሎች ቢስፋፋም፣ በሆስፒታሉ ፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። በትንሽ የገጠር ሆስፒታል ወይም በአረጋውያን መጦሪያ የተቀጠረችው ጀማሪ ላታገኘው ትችላለች፤ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ብቻዋን የምትቀረውም እርሷው ናት። የነርስና የታማሚን ቁጥር በሕግ የወሰነችው ካሊፎርኒያ እንኳ የአንድ ወር ነርስንና የአሥር ዓመት ነርስን እኩል «አንድ» ብላ ትቆጥራለች።

መድኃኒቱን በሰዓት ብዛት የፈለጉም አሉ። በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ መሠረት የነርስ ሥልጠና ቢያንስ 4,600 ሰዓት ሲሆን ግማሹ በታማሚ ዘንድ መዋል አለበት። ይህ ከሐሰት ዲፕሎማ ይሻላል። ሆኖም ግድግዳ ተደግፎ የዋለም ሰዓት ሰዓት ነው። የሚጎድለው በተወሰኑ ጥቂት ተግባራት ላይ፣ ለምሳሌ ትንፋሽ በመቁጠር፣ ደም በመስጠት፣ የታማሚን መድከም ለሐኪም በስልክ በማስረዳት ላይ፣ የበላይ ነርስ በዓይኗ አይታ ስሟን አኑራ የምትፈርምበት፣ ከፈረመችም የምትጠየቅበት ሥርዓት ነው። ጀማሪዋም ይህ እስኪሟላ በገደብ ብትሠራ ውርደት አይሆንባትም።

በኢትዮጵያም የጤና ሚኒስቴር ለተመራቂዎች የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ ምዘና በዋናነት የጽሑፍ ነው። ስለ እጅ የሚመሰክረው እዚህም ትምህርት ቤቱ ነው፤ ምስክርነቱም ያረፈው በተማሪው ሎግ ቡክ ላይ ነው። በአንድ አልጋ ዙሪያ አሥራ አምስት ተማሪ በሚቆምበት ዋርድ፣ ያ ሎግ ቡክ በልምምዱ የመጨረሻ ሳምንት፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሲፈረም ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የጽሑፍ ፈተናውን ለማሻሻል የሚደክሙ ወገኖች ከጥያቄዎቹ እኩል ይህን ደብተር ጠረጴዛ ላይ አውጥተው ቢያገላብጡት ሥራ አያጡም።