ሰላት ሳያውቅ ለሐጅ የሄደው ሰው

የማልኮም ኤክስን የሕይወት ታሪክ አንብባችሁ ወይም ፊልሙን አይታችሁ ይሆናል። አብዛኞቻችን የምናስታውሰው አንድ ነገር ነው፦ ነጭን ሁሉ ሰይጣን ብሎ ያስተምር የነበረው ሰው እ.ኤ.አ. በ1964 መካ ሄዶ ከነጭ ሙስሊሞች ጋር ከአንድ ሳህን በላ፤ አመለካከቱም ተለወጠ። እውነት ነው፣ በየስብሰባውም ይጠቀሳል። ይሁንና ለሙስሊም ቤተሰብ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅመውን ቦታ ዘለን እናልፈዋለን።

ቦታው የጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ማልኮም ካይሮ ላይ ኢሕራም ለብሶ ጅዳ ሲደርስ የአሜሪካ ፓስፖርት መያዙ ታየና፣ ሙስሊምነቱ በሸሪዓ ዳኛ ፊት እስኪረጋገጥ ወደ መካ እንዳያልፍ ተደረገ። በሑጃጆቹ ማደሪያ ሳለ ጉዱ ወጣ። አሥራ ሁለት ዓመት ያህል የሙስሊም ሰባኪ ተብሎ በአሜሪካ ከተሞች የዞረው ሰው ሰላት አያውቅም! ዐረብኛው ይቅርና አቀማመጡን እንኳ አልተማረም። አንድ መሪ በምልክት እያሳየ አስተማረው። ቁርጭምጭሚቱ አልታጠፍ ብሎ ምን ያህል እንዳመመው ማልኮም ራሱ ሳያፍር ይተርከዋል።

እስቲ እንጠያየቅ። ይህ ሰው ወደ እኛ መስጊድ ቢመጣ ምን ይገጥመው ነበር? አዲስ የሰለመች ምራት ፋቲሐን ስትሳሳት ሳቅ የሚያመልጠው ቤት የለም ብላችሁ ነው? በውጊያ መሐል ሸሃዳ የተናገረን ሰው «ፈርቶ ነው» ብሎ የገደለው ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ.) በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ምን ያህል እንደተገሠጸ በሐዲስ የታወቀ ነው። የሰውን ልብ ከፍተን እንድናይ ሥልጣን አልተሰጠንም።

ይህ ማለት ግን ማንኛውም ትምህርት ኢስላም ይባል ማለት አይደለም። ኤላይጃ ሙሐመድን መልእክተኛ የሚለው የድርጅቱ እምነት ከመሠረቱ የወጣ ነበር፤ በዚህ መለሳለስ አይገባም። ትምህርቱ ሌላ፣ በትምህርቱ ውስጥ አላህን ሲፈልግ የኖረው ሰው ግን ሌላ ነው።

የመጽሐፉ ትልቅ ብርታት ይህን ልዩነት አለመደበቁ ነው። አሌክስ ሄሊ ቃለ ምልልሱን የጀመረው ማልኮም ገና የኤላይጃ ታማኝ ተከታይ ሳለ ነበር። ማልኮም በ1964 ከድርጅቱ ከወጣ በኋላ የቀደሙትን ምዕራፎች ሊለውጥ ፈልጎ ነበር፤ በሄሊ ልመና ግን እንዳሉ ተዋቸው። ስለዚህ የትናንቱ ሰውና የዛሬው ሰው በአንድ ጥራዝ ጎን ለጎን ቆመው እናያለን። ስንቶቻችን ነን የትናንቱን እምነታችንን እንዲህ የምናሳይ?

ጉድለትም አለው። የመካው ደብዳቤ የሙስሊሙን ዓለም ከቀለም አድልዎ ፈጽሞ የጸዳ ያስመስለዋል። ዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰች እህት ያለችው ቤተሰብ ይህን እንዳለ አይቀበለውም። ማልኮም ራሱ ሑጃጆቹ በመልክና በአገር እየተሰባሰቡ እንደሚቀመጡ አስተውሏል፤ በፈቃዳቸው ነው ብሎ አለፈው እንጂ። በዚህ ላይ ትንሽ ቢቆይበት ደግ ነበር። ዐረቦች ኢስላምን ለሌላው ማስተዋወቅ አይችሉበትም፣ ኢንሻአላህ ብለው ይጠብቃሉ እያለ መተቸቱንስ ስንቱ አንባቢ ልብ ብሎታል?

ወደ ጅዳ እንመለስ። ፊቱን አይተውት የማያውቁት የዐዛም ቤተሰብ ከማደሪያው አውጥተው የአባትየውን የሆቴል ክፍል ለቀቁለት። ዳኛውም ስለ እምነቱ ቅንነት ጥቂት ጠይቆ ስሙን ከሙስሊሞች ተርታ መዘገበው። ሰላቱን ገና በመማር ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1965 ኒውዮርክ ላይ ተገደለ። ትቶት የወጣው ድርጅት ግን በ1975 በዋሪስ ዲን ሙሐመድ መሪነት በብዛት ወደ ሱንና መንገድ ገባ፤ ጋዜጣቸውንም በሐበሻው በቢላል ስም ሰየሙት።

መጽሐፉን ከልጆቻችሁ ጋር የምታነቡ ከሆነ «መካ» ከሚለው ከ17ኛው ምዕራፍ ጀምሩላቸው። የሌብነቱና የእስር ቤቱ ዘመን ከፍ እስኪሉ ሊቆይ ይችላል።