ድግግሞሽ በ«ሬፊዩጂ ቦይ»

እንግሊዛዊው ገጣሚ ቤንጃሚን ዜፋንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ለወጣቶች ያሳተመው «ሬፊዩጂ ቦይ» የተሰኘው ልቦለድ በሁለት ትዕይንቶች ይከፈታል፤ አንዱ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በኤርትራ። በሁለቱም ወታደሮች በሌሊት በር ሰብረው ገብተው ቤተሰቡን ያስፈራራሉ። ቃላቱ ሳይቀሩ በአብዛኛው ይመሳሰላሉ። ይህን የፈጠራ ድህነት ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በእኔ እምነት ግን የልቦለዱን ጭብጥ የተሸከመው ይኸው ድግግሞሽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 በተካሄደው ጦርነት ሳቢያ፣ ከኢትዮጵያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደው የ14 ዓመቱ ዓለም እንግሊዝ አገር ብቻውን ይቀራል። ጥገኝነት ጠይቆ ችሎት ፊት ሲቀርብ፣ መመለሻ አገር እንደሌለው ማስረዳት ይጠበቅበታል። አንባቢው ግን ይህን ከመክፈቻው ጀምሮ ያውቀዋል። ደራሲው በክርክር ሊያስረዳ የሚችለውን በቅርጽ አሳይቶታል። ስለ ስደት የሚጽፉ ደራስያን ከዚህ ልቦለድ ሊቀስሙት የሚገባው ትምህርት ይህ ይመስለኛል።