«ሞዴል»፣ «ሂደት»፣ «ወጪ»፦ በሥራ አሠራር ሥልጠናዎች ስለሚሠራባቸው ሙያዊ ቃላት

የንግድ ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን በቡድን አደራጅተው፣ የየዕለት ሥራቸውን በተግባር በተግባር ከፍለው በሥዕል እንዲያሳዩ፣ ለእያንዳንዱም ተግባር የሚውለውን ገንዘብና ጊዜ እንዲያሰሉ ማሠልጠን ከጀመሩ ቆይተዋል። ሥልጠናው የሚሰጥባቸው ጽሑፎች አብዛኞቹ ከእንግሊዝኛ የተመለሱ ናቸው። በእጃችን የገቡትን ስንመረምር ባዕድ ቃል በዛ የሚል ክስ ለማቅረብ አልተነሣንም፤ ይበልጥ ያስቸገረው የአማርኛው ቃል ነው፤ ከባዕዱም ቢሆን በአገር ቤት ፍች ይዞ የቆየው ነው። ተርጓሚዎቹ የመረጧቸው ቃላት ቀድሞ ሌላ ባለቤት አላቸው። ሠልጣኙ ቃሉን ሲሰማ የሚታየው አዲሱ ፍች ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው አሮጌው ነው። የሚሥለው ሥዕልና የሚያሰላው ሒሳብም በዚያው መጠን ይጣመማል።

በ«ሞዴል» እንጀምር። ይህ ቃል በአማርኛ እንግዳ አይደለም። የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሞዴል ሲባል የሚያስበው ሞዴል 19ንና ሞዴል 22ን፣ ማለትም ዕቃ ገቢና ወጪ የሚደረግባቸውን ቅጾች ነው። የግብርና ሠራተኛ ደግሞ ሞዴል አርሶ አደርን ያስባል፤ በዚህ አገባቡ ሞዴል ማለት አርአያ፣ ሌላው ሊከተለው የሚገባ ማለት ነው። እንግዲህ ለአንድ ቡድን «የሥራችሁን ሞዴል ሥሩ» የሚል ትእዛዝ ሲሰጠው፣ ከፊሉ የሚሞላ ቅጽ እስኪታደለው ይጠብቃል፤ ከፊሉም ሥራው እንዴት መሠራት እንዳለበት የሚያሳይ ያማረ ሥዕል ይሥላል። አሠልጣኙ የፈለገው ግን ከሁለቱም የራቀ ነው፤ የተፈለገው ሥራው ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ፣ ፋይሉ የት እንደሚጠፋ፣ ፊርማው ስንት ቀን እንደሚያዘገይ ሳይሸሸግ የሚያሳይ ምስል ነበር። በሙያው ውስጥ ነባሩን አሠራር ማሳየትና የወደፊቱን ማቀድ ሁለት የተለያዩ እርምጃዎች ናቸው። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ስም ሰጥቶ በቅጽል ይለያቸዋል። አማርኛ በዚህ ረገድ የታደለ ነው። «አምሳያ» ያለውን ነገር የሚመስል ሲሆን «ንድፍ» ገና ለሚሠራ ነገር የሚወጣ ነው፤ ያልተሠራ ቤት ንድፍ እንጂ አምሳያ አይኖረውም። ስለዚህ ለነባሩ አሠራር አምሳያ፣ ለታቀደው ንድፍ ብንል ቅጽል ሳንጨምር ልዩነቱ በቃሉ ውስጥ ይገኛል። ሞዴልን ለቅጹና ለአርሶ አደሩ እንተውለት።

ከሁሉ የከፋው የ«ሂደት» ጉዳይ ነው። ማይክል ሐመርና ጄምስ ቻምፒ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ያራመዱት ዋና ሐሳብ ግልጽ ነበር፦ ድርጅት በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ ሥራ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲንከባለል ይዘገያል፤ ስለዚህ ክፍሉን ትቶ ከደንበኛው ጥያቄ ተነሥቶ እስከ መልሱ ያለውን ጉዞ መመልከት ይገባል። ይህ ሐሳብ ወደ አገራችን መሥሪያ ቤቶች የገባው በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ዓ.ም.) የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ጥናት በሚል ስም፣ በተለምዶም ቢፒአር እየተባለ ነው። ጥናቱ ሲያልቅ ግን ብዙ መሥሪያ ቤቶች የክፍሎቻቸውን ስም ለወጡ። መምሪያው «ዋና የሥራ ሂደት» ወይም «ደጋፊ የሥራ ሂደት» ተባለ፤ መምሪያ ኃላፊው «የሥራ ሂደት ባለቤት» ሆነ። በዚህ ምክንያት ክፍልን ለማፍረስ የመጣ ቃል የክፍል መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ሰው «ከፋይናንስ የሥራ ሂደት ደብዳቤ መጣ» ሲል፣ «የሥራ ሂደቱ ዛሬ ዝግ ነው» ሲል መስማት የተለመደ ነው። ሂደት በር፣ ወንበርና ማኅተም አገኘ ማለት ነው።

የቋንቋ ሰው ይህን የፍች ሽግግር በሌላ ጊዜ ቢያገኘው ይደሰትበት ነበር። የድርጊት ስም ወደ ቦታና ወደ ተቋም ስም መለወጡ በአማርኛ የታወቀ ጠባይ ነውና። ለሠልጣኙ ግን ጉዳቱ ከባድ ነው። «የግዢን ሂደት አሳዩ» ሲባል ከግዢ ክፍል በር እስከ በር ያለውን ብቻ ይሥላል፤ ጥያቄው ከመጋዘን መነሣቱ፣ ዋጋው በፋይናንስ መጽደቁ፣ ዕቃው በሌላ ኮሚቴ መመርመሩ ከሥዕሉ ይወጣል። መዘግየቱ የሚገኘው ደግሞ ዘወትር በክፍሎች መካከል ነው። ስለሆነም «የሥራ ሂደት»ን ለክፍሉ መጠሪያነት ትተን፣ ለተፈለገው ፍች «የሥራ ፍሰት» እንዲባል እናሳስባለን። ፍሰት ከምንጭ ወደ መድረሻ የሚሄድ ነው፤ ግድግዳም ማኅተምም የለውም። ቃሉን በሐመሩ ሐ «ሒደት» ብለው የሚጽፉም አሉ፤ ግሡ ሄደ ስለሆነ በሃሌታው ሂደት መባል ይበቃል።

የፍሰት ሥዕል ከሳጥንና ከቀስት የተሠራ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ካስጀመረው ሥራ የተገኘውና በ1993 እ.ኤ.አ. የፌዴራል መንግሥቱ ደረጃ ሆኖ የወጣው አይዴፍ ዜሮ የተባለው የአሣሣል ስልት ሳጥኑ በግሥ፣ ቀስቱ በስም እንዲሰየም ያዝዛል። ኋላ የተስፋፋው ቢፒኤምኤንም ሳጥኑን በግሥ በመሰየም ልማድ ይሠራበታል። ደንቡ ጠቃሚ ነው፤ ግሥ ድርጊትን ያስገድዳልና። ተርጓሚዎቻችን ግን ሳጥኑን ሁሉ በ«ምዝገባ»፣ «ቁጥጥር»፣ «ግምገማ» ሞልተውታል። ምዝገባ ድርጊቱም፣ ወቅቱም፣ ክፍሉም ሊሆን ይችላል፤ «ምዝገባ አልቋል» እና «ምዝገባ ሄጃለሁ» እንላለንና። አንዳንዶቹም የእንግሊዝኛውን ትእዛዝ አንቀጽ ተከትለው «መዝግብ» ብለዋል። የአማርኛ ትእዛዝ ግን ጾታና ቍጥር ያለበት ነው፤ ሥዕሉ መዝጋቢዋን ሴት ዘንግቶ ለአንድ ወንድ ብቻ ይናገራል። የሚሻለው በመ የሚነሣው አርእስት ነው፦ «ማመልከቻ መመዝገብ»፣ «ክፍያ መቀበል»።

እዚህ ላይ ፊደላችን አንድ ወጥመድ አለው። «መክፈል» እና «መከፈል» በጽሕፈት ይለያሉ። «መመዝገብ» ግን ሁለተኛው መ ሲላላ መዝጋቢው የሚሠራው፣ ሲጠብቅ ደግሞ በማመልከቻው ላይ የሚሠራ ይሆናል፤ ጽሕፈቱ አንድ ነው። ጠብቆ የተነበበው ሳጥን አድራጊውን ይሰውራል፤ ሥራው በራሱ የተሠራ ይመስላል። መፍትሔው በሥዕሉ ውስጥ አለ፤ እያንዳንዱን ሳጥን በሠሪው መስመር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። መስመሩ «መዝገብ ያዥ» ካለ ንባቡ አያሻማም። የሳጥኑ ይዘት ደግሞ «ተግባር» ቢባል እንወዳለን። ብዙዎች የሚሉት «እንቅስቃሴ» ለአካል ንቅናቄ መቀመጥ አለበት፤ የሥራን ፍሰት በሥዕል ማሳየትን በ1921 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ፍራንክና ሊሊያን ጊልብረዝ የሠራተኛውን የእጅ እንቅስቃሴ ያጠኑ ነበሩና ሁለቱን ቃላት ለየብቻ እንፈልጋቸዋለን። «ክንውን» መሳካትን አዝሏል፤ ያልተሳካ ሥራም ገንዘብ ይበላል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ «ወጪ» ይጠብቀናል። ይህ ቃል ከመጋዘን ዕቃ ማውጣትም፣ ወደ ውጭ አገር መላክም፣ ከካዝና ገንዘብ መክፈልም ነው። «የወጪ ንግድ ወጪ» የሚል ሐረግ መጻፍ ግድ የሆነበት ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ሠልጣኙ ወጪን ከካዝና ጋር ስላያያዘው ያልተከፈለውን አይቆጥርም። በግብር ሕግ ቋንቋ የእርጅና ቅናሽ የሚባለው፣ ማሽኑ በየዓመቱ ከዋጋው የሚያጣው፣ ከሒሳቡ ይወድቃል። እኛ አዲስ ቃል አንፈጥርም። ከካዝና የሚወጣው «ክፍያ» ይባል፤ «ወጪ» ደግሞ ለሥራው የተፈጀው ሀብት በብር ሲለካ ብቻ ይሁን።

ሮቢን ኩፐርና ሮበርት ካፕላን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስፋፉት ወጪን በተግባር የማስላት ዘዴ የሚያስፈልገው ይህንኑ ልዩነት ነው። ለምሳሌ አንድ ማተሚያ ቤት እንውሰድ። ማሽን ለማዘጋጀት በወር 60,000 ብር ይፈጃል፤ ዝግጅቱ በወር 20 ጊዜ ይደረጋል እንበል። አንድ ደንበኛ በአንድ ትእዛዝ 10,000 ቅጂ ያሳትማል፤ ሌሎች 19 ትናንሽ ትእዛዞች ተደምረው ሌላ 10,000 ቅጂ ይሆናሉ። ወጪው በቅጂ ብዛት ቢደለደል ሁሉም ቅጂ 3 ብር ይሸከማል። በዝግጅቱ ቍጥር ከተደለደለ ግን ትልቁ ትእዛዝ 3,000 ብር፣ ትናንሾቹ 57,000 ብር ይሸከማሉ፤ በቅጂ 30 ሳንቲምና 5 ብር ከ70 ሳንቲም መሆኑ ነው። ማተሚያ ቤቱ በመጀመሪያው ስሌት ዋጋ ቢቆርጥ ትልቁን ደንበኛ ያባርራል፤ በትናንሾቹም እየከሰረ ያተረፈ ይመስለዋል። በዚህ ምሳሌ የዝግጅቱ ቍጥር ምን ይባል? ያየናቸው ጽሑፎች «የወጪ ነጂ» ብለውታል። ነጂ መኪና ወይም ከብት የሚነዳ ሰው ነው፤ አንድ ክፍል ሠልጣኝ ነጂ ሲባል የትራንስፖርት ሠራተኛውን ቢያስብ አይፈረድበትም። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ያጨቀው ሁለት ነገር ነው፤ ወጪውን ያመጣው ነገርና ወጪው የሚከፈልበት ቍጥር። የመጀመሪያው «የወጪ መንስኤ»፣ ሁለተኛው «መደልደያ» ቢባል ሠልጣኙ መደልደያው መንስኤውን በትክክል መከተሉን ራሱ ይጠይቃል።

የቀረን አንድ ቃል ነው፤ ምናልባትም ብዙ ጉዳት ያደረሰው እርሱ ነው። ካፕላንና ስቲቨን አንደርሰን በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ሠራተኞች ጊዜያቸውን በመቶኛ እንዲያከፋፍሉ ሲጠየቁ ሁሉም ድምሩን መቶ እንደሚያደርሱት፣ ባዶ ያለፈውን ጊዜ የሚጽፍ እንደማይገኝ አስገንዝበው፣ በምትኩ ለእያንዳንዱ ተግባር የሚፈጀው ደቂቃ እንዲለካ ሐሳብ አቅርበዋል። ይህ ሲደረግ ጥቅም ላይ ያልዋለው አቅም ራሱን ችሎ ይታያል። ይህን አቅም አንዳንድ ጽሑፎች «ሥራ ፈት አቅም»፣ የሠራተኛውንም ሰዓት «ሥራ ፈት ጊዜ» ብለውታል። ሥራ ፈት በአማርኛ ስድብ ነው፤ የሰው ጠባይ ስም እንጂ የማሽን ሁኔታ መጠሪያ አይደለም። «ትርፍ አቅም» ያሉትም ከዚህ አልራቁም፤ ትርፍ የሰው ኃይል የሚለውን የመዋቅር ማስተካከያ ዘመን ቋንቋ ያስታውሳል። በእንዲህ ያለ ቅጽ ላይ የትኛው ሠራተኛ እውነተኛውን ደቂቃ ይጽፋል? «ያልተሠራበት አቅም» ረዘም ይላል፤ ለሠንጠረዥ ራስጌም አይመችም። ሆኖም ማንንም አይከስም፤ ሰንጠረዡ ጠባብ ከሆነ ዓምዱ ይስፋ።