ምስጋናው ለማን ይገባል? (ስለ ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ አዮሚ የቀረበ ሂስ)

ስለ አንድ ከያኒ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ ከሥራው መከራው ይቀድማል። «ያ ሁሉ ባይደርስበት ኖሮ ለዚህ ባልበቃ» የሚለው ፍርድ በየሻይ ቤቱም በየመጽሐፉም የተለመደ ነው። በስደት የምንኖር ሰዎች ይህን ፍርድ ሳንመረምር ልንቀበለው አይገባም፤ ነገ በእኛም ላይ ሊሰጥ የሚችል ነውና። ለምርመራው የመረጥኩት ከሙዚቃችን ራቅ ያለ ሰው ነው፤ ብላክ ሳባት የተባለው የእንግሊዝ ሃርድ ሮክ ባንድ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አዮሚ በ1948 በርሚንግሃም በተባለችው የፋብሪካ ከተማ ተወለደ። በ17 ዓመቱ በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሥራውን ለቆ ከአንድ ባንድ ጋር ወደ አውሮፓ ሊጓዝ በተዘጋጀበት በመጨረሻው የሥራ ቀን፣ ብረት የሚጫን መኪና የቀኝ እጁን የመሐል ጣትና የቀለበት ጣት ጫፎች ቆረጠበት። አዮሚ ግራኝ ስለሆነ የጊታሩን ክሮች የሚጫነው በዚያው በቀኝ እጁ ነው። ስለዚህ አደጋው የደረሰው በዋነኞቹ የሙያ ጣቶቹ ላይ ነበር።

የፋብሪካው ኃላፊ ሊያጽናናው የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አሰማው። ራይንሃርት በ1928 በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ሁለት የግራ እጁ ጣቶች ባይታዘዙትም በጃዝ ጊታር ስሙ የገነነ ሰው ነው። አዮሚም የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ በላዩም ቆዳ ለጠፈበት። የጊታር ክር ስለከበደው ቀጫጭን የባንጆ ክሮች ወሰደ። በኋላም «ማስተር ኦቭ ሪያሊቲ» በተሰኘው የ1971 አልበም ክሮቹን በሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ቃኛቸው። ክር ሲላላ ለጣት እንደሚቀልና ድምፁም እንደሚወፍር ክራር የቃኘ ሁሉ ያውቃል።

ተረቱ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። «ጣቱ ባይቆረጥ ክሩን ባላላላ፤ ክሩን ባያላላ ሄቪ ሜታል ባልተወለደ» ይባላል። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ሥራዎቹን በቅደም ተከተል ላዳመጠ ግን አይጸናም። በ1970 የወጡት ሁለቱ የመጀመሪያ አልበሞች በተለመደው ቅኝት የተሠሩ ናቸው፤ ከባዱ ድምፅ ግን በእነርሱም ውስጥ አለ። የባንዱን ስም የያዘውን ዘፈን እንውሰድ። አዮሚ የሚመላለሰው በሦስት ድምፆች ላይ ብቻ ነው። የመጨረሻው ድምፅ ከመነሻው በሦስት ሙሉ ድምፅ ስለሚርቅ አድማጩ ማረፊያ ያጣል። አካሄዱ ዝግ ያለ ነው፤ በድምፆቹ መካከልም ጸጥታ ተትቷል። እንዲህ ያለውን አሠራር መኪና አያስተምርም፤ ሰው አስቦ የመረጠው ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ትጋቱ ነው። በ1968 መጨረሻ ላይ አዮሚ ለጥቂት ሳምንታት ጄትሮ ተል ወደተባለው ባንድ ሄዶ ነበር። ከዚያ የተማረውን የሥራ ሥርዓት ይዞ ተመለሰና ጓደኞቹን ከማለዳ ጀምሮ ልምምድ ያስገባቸው ጀመር። የመጀመሪያው አልበም በ1969 በአንድ ቀን ውስጥ ሊቀዳ የቻለው ዘፈኖቹ አስቀድመው በልምምድና በመድረክ ስለበሰሉ ነው።

ሂስ ግን ውዳሴ ብቻ አይደለም። ዘፋኙ ኦዚ ኦዝቦርን በ1979 ከባንዱ ከተሰናበተ በኋላ አዮሚ ከሮኒ ጄምስ ዲዮ ጋር በ1980 «ሄቨን ኤንድ ሄል»ን ሠራ። ኦዝቦርን ብዙ ጊዜ የጊታሩን ዜማ ተከትሎ ይዘፍን ነበር፤ ዲዮ ግን በጊታሩ ላይ የራሱን ዜማ ስለሚያወጣ አዮሚም አጨዋወቱን እንዲያሰፋ ተገደደ። ከዚያ በኋላ ዘፋኞች ተፈራረቁ። በ1986 «ሰቨንዝ ስታር» ሲወጣ ከመሥራቾቹ የቀረው እርሱ ብቻ ነበር። አልበሙን በግል ስሙ ሊያወጣው አስቦ ሳለ የባንዱ ስም ተለጠፈበት። እጁ አልደከመም፤ ነገር ግን የሚሞግተው ጓደኛ ስላልነበረው የዚያ ዘመን ሥራዎቹ እንደ ቀድሞዎቹ አይዙም።

በ2012 የሊምፍ ካንሰር እንዳለበት ታወቀ። በሕክምና ላይ ሆኖ ከኦዝቦርንና ከቤዝ ተጫዋቹ ጊዘር በትለር ጋር የሠራው «13» የተባለው አልበም በ2013 በእንግሊዝ ሽያጭ አንደኛ ወጣ፤ ባንዱ ይህን ደረጃ ሲያገኝ ከ1970 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ጁላይ 5 ቀን 2025 አራቱ መሥራቾች በተወለዱባት ከተማ በአንድ መድረክ ቆሙ። ኦዝቦርን ከ17 ቀን በኋላ ዐረፈ።

እንግዲህ ምስጋናው ለማን ይገባል? «ላይችል አይሰጠው» የሚለው አነጋገራችን ለቅሶ ቤት ያጽናና ይሆናል፤ ለሂስ ግን መለኪያ አይሆንም። በዚያ ዘመን በፋብሪካ ጣቱን ያጣ ሠራተኛ አዮሚ ብቻ አልነበረም፤ የብዙዎቹን ስም ግን ማንም አያውቀውም። መከራ ከያኒ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ይህ ካምፕ በከያኒ ብዛት በተጨናነቀ ነበር። አዮሚን ያቆሙት የራሱ ብልሃት፣ የማለዳ ልምምድ፣ አብረውት የደከሙ ጓደኞችና ሸክላ ይዞ የመጣው ሰው ናቸው።

በመካከላችን ከቆርቆሮ ክራር የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ስለ ቆርቆሮው አናድንቃቸው፤ ችግርም ጠቀማችሁ አንበላቸው። ዜማቸውን እንደ ማንኛውም ከያኒ ዜማ እንመዝነው፤ የጎደለውን እንንገራቸው። ደህና ክር ያለውም ክር ይስጣቸው።