መጻሕፍቱን ያቃጠለ ማን ነው? «ፋራናይት 451» በመጽሐፍና በፊልም

አሜሪካዊው ደራሲ ሬይ ብራድበሪ «ፋራናይት 451» የተባለውን ልብ ወለድ ያሳተመው በ1953 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፈረንሳዊው የፊልም አዘጋጅ ፍራንሷ ትሩፎ ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ ታሪኩን በፊልም አወጣው። ፊልሙን ሁለት ጊዜ ተመልክቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜ መጽሐፉን ሳላነብ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ካነበብሁት በኋላ። በመጀመሪያው ጊዜ እጅግ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ያ የፊተኛው ደስታዬ ራሱ አጠራጠረኝ። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው የዚህን ጥርጣሬ ምክንያት ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላውሳ። ወደፊት ይመጣል በተባለ ዘመን መጽሐፍ ማንበብም፣ በቤት ማስቀመጥም በሕግ ተከልክሏል። እሳት አጥፊ የሚባሉት ሰዎች የጥንት ሥራቸው ተረስቶ አዲስ ሥራ ተሰጥቷቸዋል፤ ይኸውም ጥቆማ በደረሳቸው ቁጥር በመኪና እየገሠገሡ መጽሐፍ ማቃጠል ነው። የመጽሐፉ ርእስ ብራድበሪ ወረቀት በእሳት ይያያዝበታል ያለው የሙቀት መጠን ሲሆን በሴንቲግሬድ ወደ 233 ይደርሳል። ሞንታግ የተባለው እሳት አጥፊ ክላሪስ ከምትባል ጎረቤቱ ጋራ ከተዋወቀ በኋላ ሥራውን መጠራጠር ይጀምራል። ከሚያቃጥላቸው መጻሕፍት እየሰረቀ ያነባል፤ በመጨረሻም አለቃውን በእሳት ገድሎ ከከተማው ይሸሻል፤ በዱር ውስጥም መጻሕፍትን በቃላቸው ከያዙ ሰዎች ጋራ ይቀላቀላል። እስከዚህ ድረስ ፊልሙና መጽሐፉ አንድ ናቸው።

ፊልሙ ከመጽሐፉ የሚበልጥበትን አስቀድሜ ልናገር፤ አለዚያ ፍርዴ ያደላ ይመስላል። ደራሲ ፊደል ስለሌለበት ዓለም ሊነግረን የሚችለው በፊደል ነው፤ ስለ ረኃብ ማዕድ ላይ ተቀምጦ እንደ ማውራት ያለ ነገር ነው። ትሩፎ ግን ረኃቡን ራሱን አመጣው። በፊልም መጀመሪያ ላይ የተዋናዮቹና የሠራተኞቹ ስም ተጽፎ መታየቱ የተለመደ ሲሆን፣ እዚህ ግን አንድ ድምፅ ስሞቹን በቃል ይናገራል፤ በሸራው ላይ የሚታየው በየቤቱ ጣሪያ የተተከለው የቴሌቪዥን አንቴና ብቻ ነው። ሞንታግ አልጋው ላይ ሆኖ የሚያገላብጠው ጋዜጣ ሥዕል እንጂ ቃል የለበትም። አለቃው የሞንታግን የግል ማኅደር ሲገልጥም የሚታየው ፎቶግራፍ ነው። ይህን ሁሉ ማንም አያስረዳንም። ተመልካቹ ግን ጥቂት እንደ ቆየ ዓይኑ አንዳች ነገር እንደ ጎደለበት ይሰማዋል።

ስለዚህም ሞንታግ ሌሊት ተነሥቶ፣ በባዶው የቴሌቪዥን መስኮት ብርሃን የዲክንስን «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» ሲገልጥ ያለው ትርኢት እኔ ካየኋቸው ሁሉ የሚደነቅ ነው። ጣቱን በየቃሉ ሥር እያስኬደ፣ ከርእሱ ጀምሮ የአሳታሚውን ስም ሳይቀር፣ ምኑን ማለፍ እንደሚገባው ስለማያውቅ ሁሉንም ያነባል። በፊደል ገበታ ላይ በስንደዶ እየጠቆመ የቆጠረ ሰው ሁሉ ያንን ጣት ያውቀዋል። ሞንታግን ሆኖ የተጫወተው ኦስካር ቬርነር ነው። አነጋገሩ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው ተብሎ ይነቀፋል፤ እንዲያውም እርሱና ትሩፎ በሥራው ላይ ክፉኛ ተጣልተው እንደ ነበር የታወቀ ነው። ለእኔ ግን በዚያች ሌሊት ድርቀቱ አልከፋኝም፤ ማንበብን ገና የሚማር ሰው ድምፁ እንዲሁ ነውና።

የሚስቲቱንና የክላሪስን ክፍል ጁሊ ክሪስቲ አንዷ ሁለቱንም ሆና ትጫወታለች። ብልኀቱ ግልጽ ነው፤ ያነበበችውና ያላነበበችው ሴት በመልክ አንድ መሆናቸውን ለማሳየት ነው። እኔን ከሐሳቡ ይልቅ ጠጉራቸውን ማነጻጸር ስለ ያዘኝ ብዙ አልጠቀመኝም። በመጽሐፉ ክላሪስ የ17 ዓመት ልጅ ስትሆን ገና በመጀመሪያው ክፍል ትጠፋለች፤ መኪና ገጭቷት ሞተች ይባላል። በፊልሙ ግን ከሥራዋ የተባረረች መምህርት ሆና እስከ መጨረሻው ትኖራለች። ብራድበሪ ይህን ለውጥ ሳይወድደው አልቀረም፤ ኋላ እርሱ ራሱ ለመድረክ ባዘጋጀው ትያትር ክላሪስን አላጠፋትም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መጻሕፍቱን ያቃጠለ ማን ነው?

በመጽሐፉ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የእሳት አጥፊዎቹ አለቃ ቢቲ ነው። ሞንታግ ታምሜአለሁ ብሎ በተኛበት ቀን ቢቲ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ፣ ፒፓውን እያጤሰ፣ ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ ያወጋዋል። እንደ ቢቲ አነጋገር ነገሩ የተጀመረው በመንግሥት ዐዋጅ አይደለም። ሕዝቡ በዛ፤ ኑሮው ፈጠነ፤ ሰው ሁሉ ረጅሙን ነገር ጠላ። ታላላቆቹ ድርሰቶች በመጀመሪያ በሩብ ሰዓት የሬዲዮ ዝግጅት ተጠቃለሉ፤ ቀጥሎ በሁለት ደቂቃ በሚነበብ ዐምድ፤ በመጨረሻም በመዝገበ ቃላት ውስጥ ጥቂት መስመር ሆነው ቀሩ። «ሐምሌት»ን አውቀዋለሁ የሚለው ሰው ያነበበው ያንን አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ደግሞም እያንዳንዱ ወገን ስለ እርሱ የተጻፈው ቅር ያሰኘው ጀመር፤ አሳታሚዎችም ማንንም ላለማስቀየም ሲሉ ጣዕም የሌለው ነገር ያትሙ ጀመር። እሳቱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እሳት አጥፊው ሰው ራሱ ገድሎ የጣለውን ሬሳ የሚያነሣ ነው እንጂ ገዳዩ እርሱ አይደለም።

ይህ ንግግር ከክፉ ሰው አፍ መውጣቱ ኀይሉን ይጨምረዋል። ቢቲ ያልተማረ ሰው አይደለም፤ ከሞንታግ ይልቅ እጅግ ብዙ ያነበበ፣ ጥቅስ እንደ ጦር የሚወረውር ሰው ነው። ሞቱን እንኳ ፈልጎት እንደ ነበር ሞንታግ ኋላ ይገባዋል።

ፊልሙ ከዚህ ንግግር ፍርፋሪውን ወስዷል። ሲሪል ኩሳክ የተጫወተው ካፒቴን በአሮጊቷ ቤት በተገኘው ድብቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቆሞ፣ መጻሕፍት ሰውን ያሳዝናሉ፣ ሁላችንም እኩል መሆን ይገባናል እያለ ለሞንታግ ይሰብካል፤ እየዞረም እገሌ የተባለው መጽሐፍ እነ እገሌን አስቀየመ ይላል። የሂትለርን መጽሐፍ በእጁ ይዞ ሁሉም መቃጠል አለበት ማለቱም የሚያስደነግጥ ነው፤ በዚያ ሰዓት ተመልካቹ ለአንድ አፍታ ካፒቴኑን ሊደግፈው ይቃጣዋል። ዳሩ ግን የታሪኩ ሥር ተቆርጧል። ሕዝቡ ራሱ ማንበብ እንደ ተወ፣ እሳቱ ፈቃዱን ፈጻሚ ብቻ እንደ ሆነ የሚነግረን የለም። የሚታየን ጥቁር የለበሰ ጭፍራ፣ ቀይ መኪና፣ ጥቆማ የሚቀበል ሣጥን ነው። ጥፋተኛው ታወቀ፤ ከእኛም አይደለም። እኔ ፊልሙን በመጀመሪያ አይቼ ደስ ብሎኝ የወጣሁት ስለዚህ ነበር፤ መጻሕፍትን ከሚወድዱት ወገን ተቆጥሬ ወጣሁ። ያን ቀን መጽሐፉን ግን ገና አላነበብሁትም ነበር። ታሪኩን በሁለት ሰዓት ውስጥ ጨርሼ ዐወቅሁት ብዬ ነበር። ቢቲ የተናገረው ስለ እኔ ነበር ማለት ነው። ፈተና ሲቀርብ የአንድን ትልቅ ድርሰት ማጠቃለያ በስልካችን ላይ በ10 ደቂቃ አይተን የምንገባ ሁሉ ከዚህ ክስ የምናመልጥበት በር አይታየኝም።

ቢቲ እውነት መናገሩን መጽሐፉ ራሱ በሕይወቱ መስክሯል። የብራድበሪ አሳታሚ ከ1967 ጀምሮ ለትምህርት ቤት የሚሆን ልዩ እትም ሲያወጣ፣ የአሳታሚው አራሚዎች ለወጣቶች አይገባም ያሉትን ቃልና አነጋገር ደራሲውን ሳይጠይቁ እዚህም እዚያም ለወጡት። ብራድበሪ ይህን ያወቀው በ1979 ነው፤ ያውም ተማሪዎች ሲጽፉለት። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ እንደ ቀድሞው ሆኖ እንዲታተም አደረገ። መጽሐፍ ስለማቃጠል የተጻፈው መጽሐፍ ክብሪት ሳይጫር፣ በደግ አሳቢዎች እጅ ነው የተሸራረፈው። ትሩፎ ፊልሙን ሲሠራ ይህ ገና አልሆነም ነበርና አልወቅሰውም። ግን ይህን ዐይነቱን ጥፋት ሊያሳየን የሚችለው የትኛው ነው ቢባል፣ መጽሐፉ ነው።

ከፊልሙ የጎደለ ሌላም ሰው አለ፤ ፌበር የተባለው ሽማግሌ መምህር። ፌበር ሞንታግን የሚያርመው በአንድ ነገር ነው፤ የምትፈልገው መጽሐፍን አይደለም፣ ቀድሞ በመጽሐፍ ውስጥ የነበረውን ነገር ነው ይለዋል፤ ያው ነገር በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሊገኝ ይችል ነበር። ከዚያም የሚያስፈልጉትን ሦስት ነገሮች ይቆጥርለታል፦ ጥልቀት ያለው ነገር፣ እርሱን ለማሰላሰል ጊዜ፣ ያሰላሰሉትንም ለመሥራት ነጻነት። ፌበር ሲወጣ ይህ ሐሳብ አብሮት ወጣ። በፊልሙ የቀረው ለመጽሐፉ ለገላው፣ ለወረቀቱና ለሽፋኑ ያለ ፍቅር ነው። ገጾቹ በእሳት ሲጠቀለሉ ካሜራው እንደ ሰው ፊት ተጠግቶ ያያቸዋል። ብራድበሪ ራሱ መጽሐፉን የጻፈው በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ በየግማሽ ሰዓቱ 10 ሳንቲም እየከፈለ በሚከራየው የጽሕፈት መኪና ነው፤ ከበላዩ ያሉትን መደርደሪያዎች ይወድድ እንደ ነበር አያጠራጥርም። ነገር ግን ይህ ፍቅር እንዳያታልለው ፌበርን አስቀመጠ።

በ2018 ራሚን ባህራኒ ያዘጋጀው ሌላ ፊልም ወጥቷል። መጻሕፍቱ ሁሉ በሕያው ፍጥረት ዘር ውስጥ ተጽፈው ይድናሉ፤ የሞንታግ ሚስት ከነጭራሹ የለችም። ቴሌቪዥን ቤተሰቤ ነው የምትለው ያቺ ሴት ከወጣች ክሱን የሚሰማው ማን እንደ ሆነ አላውቅም። ከዚህ በላይ አላቆይበትም።

ፍጻሜው ይቀራል። በመጽሐፉ ከተማው በጦርነት ቦምብ በቅጽበት ይጠፋል። ከመክብብና ከራእየ ዮሐንስ የያዘውን የሚያስታውሰው ሞንታግ ከግሬንጀርና ከባልንጀሮቹ ጋራ ወደ ፍርስራሹ ጉዞ ይጀምራል፤ በቃላቸው የያዙት ነገር ለተረፈው ሕዝብ ያስፈልግ ይሆናልና። ግሬንጀርም እኛ የመጽሐፍ ሽፋን እንጂ ሌላ አይደለንም፣ አንታበይ ይላቸዋል። በፊልሙ ጦርነት የለም። የመጽሐፍ ሰዎቹ፣ ሳይታሰብ በጣለው በረዶ ውስጥ፣ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ እያንዳንዱ የራሱን መጽሐፍ ያነበንባል፤ ሞንታግም የኤድጋር አለን ፖን ታሪኮች ይዟል። የበርናርድ ኸርማን ሙዚቃ ከበረዶው ጋራ ይወርዳል። ትርኢቱ እጅግ ያማረ ነው።

አብሮኝ የተመለከተው ጓደኛዬ የቅኔ ተማሪ የነበረ ነው። ስንወጣ፣ «የቆሎ ተማሪ ቤት አስመሰሉት፤ ግን መምህር የለም» አለኝ። በጊዜው ሣቅሁ፤ ኋላ ግን ነገሩ ትልቅ ሆኖ አገኘሁት። ከእኛ መካከል በቃል ትምህርት ያደጉ ብዙዎች ናቸውና ይህን ፍጻሜ ለመመርመር ከፈረንጅ ሐያሲ ይልቅ ዕድል አለን። በዜማ ቤት ተማሪው የያዘውን በመምህሩ ፊት ያሰማል፤ ቢስት ይታረማል፤ ጓደኞቹ ያዳምጡታል፤ በኋላም ለሌላ ያስተምራል። በቅኔ ቤት ደግሞ ያለፈውን መያዝ ብቻ አይበቃም፤ ተማሪው የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። በቃል መያዝ ማለት ከሰው ጋራ መያዝ ነው። በትሩፎ በረዶ ውስጥ ግን እነዚያ ሰዎች ጎን ለጎን ይተላለፋሉ እንጂ ማንም ማንንም አያዳምጥም፤ ከየድምፁ የምንሰማው ቁርጥራጭ ነው። ሁሉም በመደርደሪያ ላይ እንዳለ መጽሐፍ ነው፤ አጠገቡ ያለውን አያውቀውም። ጓደኛዬ ይህን ከጉድለት ይቆጥረዋል። እኔ በዚህ ከእርሱ ጋራ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ትሩፎ ያን ብቸኝነት ዐውቆ ያኖረው ይመስለኛል፤ በቴሌቪዥኑ ፊት ለብቻዋ ከተቀመጠችው ከሞንታግ ሚስት ብዙም እንዳልራቁ ሊነግረን የፈለገ ይመስላል።

አንድ የሚለይ አለ። ሊሞት የተቃረበ ሽማግሌ ጋሪ ላይ ተጋድሞ፣ አጠገቡ ላለው ልጅ የስቲቨንሰንን «ዊር ኦቭ ኸርሚስተን» በቃል ያስጠናዋል። ደራሲው በ1894 ሲሞት ሳይጨርሰው የቀረ ድርሰት ነው። ሽማግሌው ይላል፤ ልጁ ይደግማል። ከዚያም በረዶው ይወርዳል፤ ሽማግሌው ይሞታል፤ ልጁም የያዘውን ለብቻው ይላል። በዚያ ዱር ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ አንዱ ሲናገር ሌላው ሲያዳምጥ የታዩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።