ወንዝ አፈር የሚወቅጥባት መንደር

በጃፓን ኪዩሹ ደሴት፣ በኦይታ ግዛት ተራሮች መካከል ኦንታ የምትባል ትንሽ የሸክላ ሠሪዎች መንደር አለች። ሙያው እዚያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1705 ነው። ዛሬም በጣት የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከወላጅ ለልጅ እያስተላለፉ ይዘውታል፤ ከውጭ ሠራተኛ አይቀጥሩም።

አፈሩን የሚወቅጠው ወንዙ ነው። ከትልቅ ግንድ አንዱ ጫፍ ተቦርቡሮ ውሃ ይሞላበታል። ሲሞላ ያዘቀዝቃል፤ ውሃው ሲደፋ ደግሞ ሌላኛው ጫፍ እንደ ዘነዘና ወርዶ አፈሩን ይደልቃል። ቀንም ሌትም፣ ለሳምንታት እንዲህ ነው። ከዚያ ሸክላው በእግር በሚገፋ መንኮራኩር ላይ ቅርጽ ይይዛል።

መንደርተኛው በጋራ የሚጠቀምበት እቶን ቁልቁለቱን ተከትሎ ክፍል በክፍል የተሠራ ነው። እሳቱ ከታች ይለኮሳል፤ ሙቀቱ ወደ ላይ ሲወጣ በየክፍሉ የጎን ቀዳዳ እንጨት ይጨመራል። ቤተሰቡ እየተፈራረቀ፣ የነበልባሉን ቀለም እያየ ያድራል።

በሳህኑ ግርጌ የሚታተመው የመንደሩ ስም እንጂ የሠሪው ስም አይደለም። እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊች በ1954 እዚያ ሰንብቶ ሠርቷል፤ የጃፓን መንግሥትም በ1995 ሙያውን በጠቃሚ የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ልካቸውን ማወቃቸው ነው። ወንዙ ከወቀጠው በላይ አፈር የለም፤ ስለዚህ ማንም ከጎረቤቱ አልፎ ልክበር አይልም። ሙያውን ሦስት መቶ ዓመት ያቆየው ይህ ጨዋነት ይመስለኛል።