አንጎልን ማወቅ እውነተኛ መሪ ያደርጋልን?



ውድ አንባቢያን! ሰውን መምራት ቀላል ሸክም አለመሆኑ ለማናችንም የተሰወረ አይደለም። የቤት አባወራም ሆነ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ የመድረሳ ኡስታዝም ሆነ የዕድር ሰብሳቢ፣ በእጁ ሥር ያሉ ሰዎች በጠባዩ ይጠቀማሉ ወይም ይጎዳሉ። ይህን ሸክም እንዴት መሸከም እንደሚገባ እናስተምራለን የሚሉ መጻሕፍትና ሥልጠናዎች ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበዙ መጥተዋል። ከእነዚህም መካከል የአንጎልን ሳይንስ መሠረት አድርጎ «እውነተኛ መሪ» አወጣለሁ የሚለው የሥልጠና ዓይነት በትላልቅ ድርጅቶች ዘንድ ብዙ ደንበኛ አግኝቷል። ይህ ሥልጠና በክፍል ውስጥ ከሚሰጥ ትምህርት ይለያል፤ አሠልጣኙና ሠልጣኙ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ አሠልጣኙ ይጠይቃል፣ ሠልጣኙም እየመለሰ ራሱን ይመረምራል። ባለሙያዎቹ ኮቺንግ ይሉታል።

ይህ ነገር ለእኛ ምናችን ነው? ትሉ ይሆናል። ልጆቻችሁ ነገ በሚቀጠሩበት ድርጅት በዚህ ሥልጠና ያለፈ አለቃ ሊገጥማቸው ይችላል። እነሱም ራሳቸው ሠልጣኝ፣ አልፎም አሠልጣኝ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚህም በላይ የሥልጠናው ቋንቋ ወደ ቤት ለመግባት ቅርብ ነው፤ ሚስቱ ላይ የጮኸ ባል ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ «አንጎሌ አደጋ መስሎት ነው» ብሎ ማስረዳት የጀመረ ዕለት ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። ስለሆነም ፍሬውን ከገለባው መለየት ይገባል።

ሁለቱ ምንጮች

ይህ ሥልጠና ከሁለት ምንጮች የተቀዳ ነው። የመጀመሪያው «እውነተኛ አመራር» የሚለው ሐሳብ ነው። ሐሳቡን በንግዱ ዓለም ካስፋፉት ሰዎች ዋነኛው ቢል ጆርጅ ይባላሉ። ሜድትሮኒክ የተባለውን የአሜሪካ የሕክምና መሣሪያ አምራች ኩባንያ እ.ኤ.አ ከ1991 እስከ 2001 በዋና ሥራ አስፈጻሚነት የመሩ ሰው ናቸው። በዚሁ ርእስ መጽሐፋቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ በ2003 ነበር። ጊዜውን ልብ በሉ! ኤንሮን የተባለው ግዙፍ ኩባንያ በሒሳብ ማጭበርበር ተጋልጦ የከሰረው በ2001 መጨረሻ ነው፤ ዎርልድኮምም በ2002 ተከተለው። ሕዝቡ በአለቆች ላይ እምነት ባጣበት ሰዓት ሐቀኛ መሪ ያስፈልጋል የሚል ድምፅ ቢሰማ የሚያስገርም አይደለም፤ ጥሪውም ተገቢ ነበር።

ሁለተኛው ምንጭ የአንጎል ሳይንስ ነው። ዴቪድ ሮክ የተባሉት አሠልጣኝ እ.ኤ.አ በ2008 «ስካርፍ» ብለው የሰየሙትን ሐሳብ አቀረቡ። ስያሜው የአምስት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ጥምር ሲሆን ቃላቱም ክብር፣ እርግጠኝነት፣ በራስ መወሰን፣ ከሰው ጋር ያለ ቅርበትና ፍትሐዊነት ናቸው። እንደ ሮክ አባባል የሰው አንጎል እነዚህ አምስቱ ሲነኩበት የአካል አደጋ እንደደረሰበት ዓይነት ይደነግጣል፤ ሲሟሉለት ደግሞ ሽልማት እንዳገኘ ይረጋጋል። በመሆኑም መሪው ይህን ካወቀ ሠራተኞቹን ሳያስበረግግ ሊመራ ይችላል ማለት ነው።

መጽሐፉ ምን ይዟል?

ሮክ እ.ኤ.አ በ2009 ያሳተሙት፣ አንጎል በሥራ ላይ እንዴት እንደሚውል የሚተርከው መጽሐፍ የዚህ ትምህርት ጥሩ ናሙና ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ኤሚሊና ፖል የተባሉ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር አሉ። የሥራ ውሏቸው መጀመሪያ ሲበላሽ ይታያል፤ ቀጥሎ የአንጎሉ ትምህርት ይብራራል፤ ከዚያ ያው ሁኔታ እንደገና ይተረክና ባለታሪኮቹ አንጎላቸውን ስላወቁ ነገሩ ሁሉ ይቃናል።

መልካሙን ሳንደብቅ እንናገር። የሰው ትኩረት ጠባብ መድረክ ነው፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ተዋናይ አይችልም የሚለው ምክር ትክክል ነው። ከበድ ያለውን ሐሳብ ጠዋት በንጹሕ አእምሮ አስቡት ማለቱም ደግ ነው። ስሜትን በስሙ መጥራት ያረጋጋል የሚለውም መሠረት አለው፤ ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ በፎቶግራፍ የሚያዩትን ፊት ስሜት በቃል የሰየሙ ሰዎች አሚግዳላ በሚባለው የአንጎል ክፍላቸው ላይ የሚታየው እንቅስቃሴ ቀንሶ ተገኝቷል። «ተቆጥቻለሁ» ብሎ ለራሱ ያመነ ሰው ቁጣውን ለመያዝ ይቀለዋል።

ይሁንና አንድ ነገር እንጠይቅ። ኤሚሊና ፖል በሁለተኛው ትረካ ለምን ይሳካላቸዋል? ደራሲው ስለፈለጉ ነዋ! ደራሲ የፈጠራቸው ሰዎች ለደራሲው ምስክር ሊሆኑት አይችሉም። በእውነተኛው ዓለም ባል ስሜቱን በስሙ ጠርቶ፣ ተረጋግቶና አስቦ ሲያበቃ ሚስት ላትቀበለው ትችላለች። ሥራ አስኪያጁ በለዘበ አንደበት ተናግሮ ገበያው ሊወድቅበት ይችላል። መጽሐፉ አንባቢውን እየያዘ የሚሄደው በተረቱ ጣዕም ነው፤ የማስረጃነቱ ግምት ግን ለሳይንሱ ይሰጣል። ትልቁ ድክመቱም ይኸው ነው።

ሥዕሉ የሚናገረውና የማይናገረው

የሰው አንጎል አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ ክብደት ይዞ ከሰውነታችን ኃይል አምስት አንድ ያህሉን የሚጠቀም፣ በብዙ ቢሊዮን የሚቆጠሩ የነርቭ ሕዋሳት ያሉበት አስደናቂ ፍጥረት ነው። ሳይንቲስቶች እንቅስቃሴውን የሚያዩበት መሣሪያ ሐሳብን አያነብም። የሚለካው በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን በየትኛው ክፍል እንደተለወጠ ነው። በሥዕሉ ላይ የምናየው ቀይና ቢጫ ቀለምም በሒሳብ ስሌት የተሠራ እንጂ በአንጎል ውስጥ የበራ መብራት አይደለም።

ስሌቱ ሲዛነፍ ምን እንደሚሆን ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2009 አሳይተዋል። የሞተ ሳልመን ዓሣ መሣሪያው ውስጥ አስገብተው የሰዎችን ፎቶግራፍ «አሳዩት»። አስፈላጊው የስታትስቲክስ እርማት ሳይደረግ ሲቀር የሞተው ዓሣ አንጎል «ሲያስብ» ታየ! ተመራማሪዎቹ ይህን ያደረጉት ባልደረቦቻቸው እርማቱን እንዳይዘነጉ ለማስተማር ነበር።

ሌላም አለ። ናኦሚ አይዘንበርገርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2003 ባሳተሙት ጥናት 13 ተማሪዎች በኮምፒውተር ኳስ የመቀባበል ጨዋታ እየተጫወቱ ሳሉ ኳሱ እንዳይደርሳቸው ተደረገ። የተገለሉት ተማሪዎች አንጎል ውስጥ በአካል ሕመም ጊዜ የሚንቀሳቀስ ክፍል ሲንቀሳቀስ ታየ። ከዚህ በመነሣት መገለል ለአንጎል እንደ ዱላ ነው የሚለው አባባል በሥልጠና አዳራሾች ተስፋፋ፤ ስካርፍም የቆመበት አንዱ ምሰሶ ይኸው ጥናት ነው። ነገር ግን ያ ክፍል በብዙ ሌላ ሥራ ጊዜም የሚንቀሳቀስ ነው። ራስል ፖልድራክ የተባሉት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ በ2006 እንዳስጠነቀቁት፣ አንድ የአንጎል ክፍል ስለተንቀሳቀሰ ብቻ ሰውየው ይህን አሰበ፣ ያን ተሰማው ብሎ ወደ ኋላ መደምደም ደካማ አካሄድ ነው። ጭስ ባየንበት ቤት ሁሉ ቡና እየተቆላ ነው እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ በ2014 የወጣ ሌላ ጥናትም የአካል ሕመምና የመገለል ሕመም በአንጎል ውስጥ ተለይተው የሚታዩ መሆናቸውን አመልክቷል።

ታዲያ ሰው ይህን ያህል የሚማረከው ለምንድን ነው? ዲና ዋይስበርግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2008 መልሱን ፈልገዋል። ለሰዎች ጥሩና ደካማ ማብራሪያዎችን ሰጡ፤ በከፊሎቹም ላይ ለነገሩ ምንም የማይጨምር የአንጎል ሳይንስ ዓረፍተ ነገር አከሉ። ተራው ሰውና የትምህርቱ ጀማሪዎች ደካማውን ማብራሪያ የአንጎል ቃል ሲጨመርበት የተሻለ አድርገው ቆጠሩት። ሊቃውንቱ ግን አልተታለሉም። እንግዲህ «አሚግዳላ» የሚለውን ቃል በሰማን ቁጥር ጆሯችንን ይበልጥ ማቅናት እንጂ ራሳችንን መነቅነቅ እንደማይበቃ ልብ እንበል።

ኮቺንግ ራሱ ጥቅም የለውም ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ በ2014 የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረ ሥራ ሠልጣኞች በሥራ አፈጻጸምም ሆነ ችግርን በመቋቋም በኩል መሻሻል እንዳሳዩ አግኝቷል። ይህ ግን ሳይቸኩሉ የማዳመጥ፣ በደንብ የመጠየቅና የገባውን ቃል የመከታተል ፍሬ ሊሆን ይችላል። የአንጎል ሥዕል ባይሰቀልም እነዚህ ይሠራሉ።

የታክሲ ነጂዎቹ ትምህርት

አሠልጣኞቹ አንጎል ይለወጣል ይላሉ፤ እውነት ነው። የሚያሳዝነው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አለመናገራቸው ነው። የሎንዶን ታክሲ ነጂዎች ፈቃድ ለማግኘት 25,000 ገደማ መንገዶችን በቃላቸው መያዝ አለባቸው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይወስዳል። ኤሊኖር ማግዋየር እ.ኤ.አ በ2000 እንዳሳዩት፣ በነጂዎቹ አንጎል ውስጥ ለቦታ ትውስታ የሚያገለግለው የሂፖካምፐስ የኋለኛው ክፍል ከሌሎች ሰዎች ይልቅ ተለቅ ያለ ነው። በ2011 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ 79 ሠልጣኞችን ከጅምራቸው ተከታተለ። ፈተናውን ያለፉት 39ኙ ላይ ለውጡ ታየ፤ የወደቁት ላይ ግን አልታየም።

ለልጆቻችን ቁርኣን የምናስቀራ ሁሉ ይህን ለማመን መሣሪያ አያስፈልገንም። አንዲት ሱራ የምትጸናው በድግግሞሽ፣ በእርማትና በዓመታት ነው። እንግዲያውስ ጠባይን ያህል ከባድ ነገር በሁለት ቀን ሥልጠና «አንጎሉን ቀይረንለታል» ሲባል እንዴት እንመን?

ፍትሕ ስሜት ብቻ ነውን?

ውድ አንባቢያን! ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ግን ይህ ነው። ስካርፍ ፍትሕን ከአምስቱ የአንጎል ፍላጎቶች አንዷ አድርጎ ያስቀምጣታል፤ የምትጠበቀውም ሠራተኛው እንዳይደነግጥና ሥራው እንዳይስተጓጎል ነው። ሮክ ሠራተኛን አታሉ ብለው አላስተማሩም፤ ሐሳባቸው ግን ለአታላይ በሩን ክፍት ይተዋል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሥራ አስኪያጅ የሠራተኞቹን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሊያስቀር ፈለገ እንበል። በሥልጠናው መሠረት በአክብሮት ሰበሰባቸው፤ ክብራቸው ተጠበቀ። ውሳኔው መቼ እንደሚጀምር በግልጽ ነገራቸው፤ እርግጠኝነት አገኙ። የሥራ ፈረቃቸውን እንዲመርጡ ፈቀደ፤ በራሳቸው ወሰኑ። ሻይ አብሯቸው ጠጣ፤ ቅርበት ተሰማቸው። ለሁሉም እኩል እንደተቀነሰ አሳየ፤ ፍትሐዊ መሰላቸው። የአንጎላቸው ድንጋጤ ሁሉ ረገበ፤ ገንዘባቸው ግን የለም! በተቃራኒው ደግሞ ለዘመዱ ሥራ እንዲቀጥር ተለምኖ እንቢ ያለ ኃላፊ የለማኙን አንጎል ያስቆጣል፤ የሠራው ግን ትክክል ነው። ከዚህ የምንረዳው የሰው መረጋጋት የፍትሕ ሚዛን ሊሆን እንደማይችል ነው። ፍትሕ መብት ነው፤ ባለመብቱ ቢረጋጋም ባይረጋጋም ይገባዋል።

«ራስህን ሁን» ሲባል

«እውነተኛ መሪ» የሚለው ሐሳብም ጥንቃቄ ይሻል። ቢል ጆርጅና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2007 ላሳተሙት መጽሐፍ 125 መሪዎችን አነጋግረዋል። ሁሉም በስኬታቸውና በሐቀኝነታቸው የተመረጡ ነበሩ፤ የሕይወታቸውንም ታሪክ የተረኩት ራሳቸው ናቸው። ራሱን ሆኖ የከሰረው የታለ? በሥራቸው የነበረው ጸሐፊ፣ ዘበኛ፣ ሾፌርስ ምን ይል ነበር?

ከዚህም ሌላ፣ የሥራ አመራር መምህርቷ ኸርሚኒያ ኢባራ እ.ኤ.አ በ2015 እንዳመለከቱት፣ «እኔ እንዲህ ነኝ» የሚለው ሐሳብ ሲጠና ሰው እንዳያድግ እንቅፋት ይሆናል። ግልፍተኛው ግልፍተኛነቱን፣ ዝምተኛው ዝምታውን «እውነተኛ ማንነቴ» ብሎ ከያዘው መቼ ይሻሻላል? በእኛ ዘንድ ኢኽላስ የሚባለው ከዚህ የተለየ መሆኑንም አንባቢ ያውቃል። ኢኽላስ ያለው ሰው ጠባዩን ለማረም ይታገላል፤ ስለ ቅንነቱም በሰው ፊት አያወራም። ሐቀኝነት የሠልጣኝ የምስክር ወረቀት ሆኖ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዕለት ይዩልኝ ወደሚለው በሽታ መቅረቡ አያጠራጥርም።

ምን እናድርግ?

ልጃችሁ ወይም የዕድራችሁ ሰብሳቢ ወደ እንዲህ ዓይነት ሥልጠና ልሂድ ቢላችሁ አትከልክሉት። ሦስት ጥያቄዎች ግን አስይዙት። አንደኛ፣ የአንጎል ቃላቱ ከትምህርቱ ቢወጡ የቀረው ምክር በራሱ ይቆማል ወይ? ሁለተኛ፣ ከሥልጠናው በኋላ ለስንት ወራት ክትትል ይደረጋል? ሦስተኛ፣ መሻሻሉን የሚመሰክረው ማን ነው፤ ሠልጣኙ ራሱ ነው ወይስ በሥሩ የሚሠሩት?

ሦስተኛዋ ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች። የአባትን ደግነት ልጆቹን፣ የአለቃን ሐቀኝነት ደመወዝ የሚጠብቁትን ጠይቁ። መሪን ለማወቅ አንጎሉን በመሣሪያ ከመቃኘት ይልቅ በእጁ ሥር ያሉትን ማዳመጥ ይቀላል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው።